ከግሼን አምባ እስከ ምክር ቤት አዳራሽ፦ የእስረኛ ነገር

አክስቴ ከሀብሩ ቆላ ሌሊት ትነሣለች። እንጀራውን በአገልግል ታደርጋለች፣ ወጡን በጣሳ ትይዛለች፣ ከላይ በነጠላ ትሸፍናለች። መርሳ ደርሳ መኪና ትሳፈርና ልጇ ወደታሰረበት ከተማ ትሄዳለች። ከተማውን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ከተማ ብቻ አይደለምና። በር ላይ ሰልፍ አለ። ተራዋ ሲደርስ ዘበኛው አገልግሉን ያስከፍታል፤ ከዚያ «እስቲ ቅመሺው» ይላታል። እሷም ለልጇ ካበሰለችው ላይ ቆርሳ ትጎርሳለች። እናት ልጇን እንደማትመርዝ ለመንግሥት በአፏ ታረጋግጣለች ማለት ነው።

ይህን ያየሁት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የሥርዓት ያህል መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ እንደ ቡና ቁርስ፣ እንደ ጠበል ጻድቅ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ክረምት እቤት ስመለስ አክስቴ ጠየቀችኝ፦ «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሕግ ያወጣሉ ይባላል። ያ ሕግ የእስር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይገባል ወይስ እንደኛ ይሰለፋል?» ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። መልስ አልነበረኝም። ይህች ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየች መልስ ናት።

ውድ አንባብያን፣ ስለ እስረኛ አያያዝ ሲነሣ ብዙዎቻችን ነገሩ ከውጭ አገር የመጣ የ«መብት» ወሬ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። እስር ቤት በኛ አገር የቆየ ታሪክ አለው፤ ያውም ትልቁ ምዕራፍ የተጻፈው እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ እኛ በየበዓሉ ቀና ብለን በምናያቸው አምባዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከአምባው ልጀምርና ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ልውረድ። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።

አምባሰል ውስጥ ያለችውን ግሼንን የማያውቅ የለም። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን በመቶ ሺሕ የሚጎርፉባት የመስቀሉ ደብር ናት። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤትም ነበረች። ንጉሥ ሲነግሥ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙት አምባው ላይ ይወጣሉ፤ ጠባቂ ይቆምባቸዋል፤ እዚያው ይወልዳሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። ወንጀላቸው ምንድነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ መወለዳቸው። ክስ የለ፣ ችሎት የለ፣ የእስር ዘመን የለ። አንዳንዴ ደግሞ ንጉሡ ያለ ወራሽ ሲሞት ወይም መኳንንቱ ሲስማሙ ከእስረኞቹ አንዱ ይወርድና ይነግሣል። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ከግሼን ወርደው ነው። ዓፄ ናዖድም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዚያው ወርደው ነገሡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ከእስር ቤት ወጥቶ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው እስረኛን ያዝናል? ያዘነ ይመስለን ይሆናል። ታሪክ ግን ሁልጊዜ እንዲያ አይልም። ዘርዓ ያዕቆብ ብዙ የደረሱና ያስደረሱ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ፤ በቅጣት ጽናት ግን ዜና መዋዕላቸው ራሱ የሚመሰክርባቸው ናቸው፤ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አላመለጡም። ስለዚህ «መከራ ያየ ሰው ይራራል» ብቻ ብለን የምንተወው ነገር አይደለም። ርኅራኄ በሰውዬው ልብ ላይ ከተንጠለጠለ ሰውዬው ሲቀየር ይወድቃል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግሼን በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ በ16ኛው መቶ ዓመት ፈረሰች። በኋላ የጎንደር ነገሥታት ሌላ አምባ መረጡ፤ በበለሳ በኩል ያለውን ወህኒ አምባን። እነሆ ቃሉን ልብ በሉ! ዛሬ «ወህኒ ቤት» የምንለው ሁሉ ስሙን የወረሰው ከዚያ አምባ ነው። የነገሥታቱ ልጆች ከወረዱ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ ስሙ ግን ወርዶ የድሃው እስር ቤት ስም ሆነ።

ቃላችን ሌላም ይናገራል። «የአልጋ ቁራኛ» ስንል የታመመ ሰው ማለታችን ነው። ቁራኛ ግን የፍርድ ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በቁራኛ ሥርዓት ከሳሹም እኩል ይታሰራል፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይቸኩላል። ዛሬ ከሳሹ በቢሮው ነው፤ የሚቆጥረው ቀን የለውም። ቀን የሚቆጥረው እስረኛው ብቻ ነው። ወደ ቁራኛ እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ የእስረኛውን ጊዜ የሚጋራ ሰው ሲጠፋ ጊዜው እንደሚረዝም ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ መቅደላ እንሂድ። መቅደላም የወሎ ናት። ዓፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውንም እስር ቤታቸውንም እዚያ አደረጉ። ዓለም የሚያውቀው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ጓደኞቹን ነው፤ ለነሱ ሲባል እኮ ነው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ባሕር ተሻግሮ የመጣው። ስለ ሐበሾቹ እስረኞች ግን ማን ጻፈ? የየአገሩ ባላባትና የባላባት ልጅ እግር ብረት ለብሶ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ከነሱ አንዱ የሸዋው ወጣት ምኒልክ ነው። በ1857 አመለጠ። ያመለጠውም በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት ግዛት በኩል ነው። ወይዘሮ ወርቂት ይዘው ቢመልሱት ይችሉ ነበር፤ የገዛ ልጃቸው መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበርና ምናልባት በለወጡት ነበር። አሳለፉት። ቴዎድሮስ ይህን ሲሰሙ በቁጣ ልጅየውን ገደሉት። ሰው ሌላ ሰው ባደረገው ነገር በእስር እንዳለ ሞተ። የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ ደግሞ፣ ከመጨረሻው ውጊያ ዋዜማ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሐበሾች እስረኞች ተገድለው ገደል ተጣሉ። ቴዎድሮስን እንወዳለን፤ ስለ አንድነት የደከሙትን እናከብራለን። ግን እውነቱን እያወቅን እንውደድ።

እንግዲህ እስካሁን ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ይነግረናል። በድሮው ሥርዓት እስረኛ የንጉሡ ነው። ንጉሡ ከወደደ ይፈታዋል፣ ከጠላ ይረሳዋል። እስረኛ በሕግ እጅ ነው የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ ያለ ሕግ ማንም ኢትዮጵያዊ አይያዝም፣ አይታሰርም አለ። ያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አባሎቻቸው ግን ተመርጠው ሳይሆን ተሹመው የሚገቡ ነበሩ።

በሌላው ዓለም ምክር ቤት ስለ እስረኛ መነጋገር የጀመረው መቼ ነው? በእንግሊዝ አገር ጆን ሐዋርድ የሚባል ሰው እስር ቤቶችን እየዞረ አየ። ያስደነገጠው ነገር ይህ ነው፤ ፍርድ ቤት ነጻ ያለው ሰው ለዘበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው እዚያው ታስሮ ይቀራል! እ.ኤ.አ. በ1774 ፓርላማ ፊት ቀርቦ ያየውን ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ፤ አንደኛው ነጻ የተባለ ሰው ሳይከፍል እንዲወጣ፣ ሁለተኛው የእስረኞች ጤና እንዲጠበቅ። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጀመረው በታላቅ ፍልስፍና አይደለም። አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ በዓይኑ አየ፣ ያየውንም ለሕግ አውጪ ነገረ። በቃ።

በኛ በኩል ጣሊያን መጣ። ከሱ የወረስነው አንዱ ቃል «ከርቸሌ» ነው፤ ካርቸሬ ከሚለው ጣሊያንኛ። የአዲስ አበባው ከርቸሌ ውስጥ «ዓለም በቃኝ» የሚባል ክፍል ነበር። የስሙ ትርጉም ማብራሪያ አያሻውም፤ ከዚያ የገባ ሰው ዓለምን ይሰናበታል። ጣሊያን ሄደ፣ ዓለም በቃኝ ግን ቀረ፤ በሦስት መንግሥታት እጅ እየተላለፈ አገለገለ። ግቢው የፈረሰው ሚሌኒየሙ አካባቢ ነው፤ ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንፃ ቆሞበታል።

ከነጻነት በኋላ በ1936 የወህኒ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 ወጣ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ጭካኔ ያለበትንና ከሰብአዊነት ውጪ የሆነውን ቅጣት ከለከለ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ አለ። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ወጣ። የረቂቁ ዋና አዘጋጅ ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ የሕግ ምሁር ነበሩ። ሕጉ ለዘመኑ የሚደነቅ ነው። ቀላል እስራትንና ጽኑ እስራትን ለየ፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የፈጸመ ሰው በአመክሮ እንዲወጣ ፈቀደ። «አመክሮ» ገዳም ለመመንኮስ የገባ ሰው የሚፈተንበት ጊዜ ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ። እስረኛን እንደ ጀማሪ መነኩሴ የሚያይ ቃል ሕጋችን ውስጥ ገባ ማለት ነው! ሰው ይለወጣል የሚል እምነት አለበት።

ይኸው ሕግ ውስጥ ግን ግርፋትም አለ። ለከባድ ሌብነትና ለውንብድና ዳኛ ግርፋት ሊጨምር ይችላል። ይህ ድንጋጌ በ120ኛው ቁጥር ላይ በፊደል ተደርቦ የገባ ነው፤ የራሱ ቁጥር እንኳ የለውም። አንድ ጥሩ ቤት ከተሠራ በኋላ በጎን እንደተቀጠለ ጎጆ ያስታውቃል። ይህ ከአስታራቂ ሐሳብ እንደመጣ ለመገመት የሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። አንዱ ወገን «ሕዝቡ ሌባ ሲገረፍ ካላየ ሕግ አለ ብሎ አያምንም» ይላል። ሌላው «ሕገ መንግሥቱ ጭካኔን ከልክሎ የለም እንዴ?» ይላል። መጨረሻው ምን ሆነ? ግርፋቱ ይቆይ፣ ግን ሐኪም ይቁም። ጅራፉን አላስቀሩም፤ ሐኪም ጨመሩለት። ስንቱ የኛ ማሻሻያ እንዲሁ ነው! ግርፋት ከመደበኛው ሕግ የወጣው በ1997 በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው፤ ወደ ግማሽ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው።

ያን የ1949ን ሕግ ያጸደቁት የምክር ቤት አባላት በሰፊው ሕዝብ ድምፅ የተመረጡ አልነበሩም፤ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው ከዚያ ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ የሀብሩ ገበሬ በዚያ ክርክር ላይ ወኪል አልነበረውም። ተገራፊው ግን እሱ ነበር። ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው ገበያ ሁሉ በሬ ሰረቀ ተብሎ የሚያዘው የመኳንንት ልጅ አይደለማ!

ከዚያ 1965 እና 1966 መጣ። ወሎ ተራበ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የኛ የቀድሞ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩን ይፋ ለማውጣት ብዙ ደከሙ። በ1966 የሹማምንቱን ጥፋት የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የወሎን ረሃብ ማን ደበቀ የሚለው ዋናው ጥያቄ ነበር። ሚኒስትሮቹ ታሰሩ፣ ኮሚሽኑ ምስክር ይሰማ ጀመር። የወሎ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «የሞተብኝን ሰው በማን ጠየቅሁ?» ብሎ በሕግ ሊጠይቅ ነበር።

አልሆነም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ የተረሸኑትም እዚያው ወህኒ ቤቱ ግቢ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩበት። ለዓመታት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል አብይ አበበም ነበሩበት። አስቡት፤ የአገሪቱን ሕግ የሚያጸድቀውን ወንበር የያዙ ሰው፣ ራሳቸው ሕጉ ያስፈለጋቸው ቀን ሕጉ አልነበረም።

አንዳንድ ሰው «ወሎን ያስራቡ አይደሉ? ዋጋቸውን አገኙ» ይላል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ያን ዘመን ሲያነሡ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። ግን እላለሁ፤ በዚያች ሌሊት የተጎዳነው እኛ ነን። ጥይቱ የሹማምንቱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የምስክሩን ጉዳይም ቆረጠው። ችሎት ላይ ቢቆሙ ኖሮ ማን ምን ያህል ያውቅ እንደነበር፣ የትኛው ደብዳቤ የት መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ፣ በፍርድ መዝገብ ተጽፎ ይቀርልን ነበር። እስረኛን ያለ ፍርድ መግደል የተበዳዩንም እውነት መግደል ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ደግሞ በሩ ተከፈተ፤ ከ1969 ጀምሮ በቀይ ሽብር የተፈጁት በአብዛኛው ያ ትውልድ ራሱ፣ ወሎ ተራበ ብሎ የጮኸው ተማሪ ነበር። በአንድ በኩል የገባው ጅብ የሁሉንም በግ በላ።

ይህን ነገር እንደ ሰንሰለት ተመልከቱት። የንጉሡ ሹማምንት ያላሻሻሉት ወህኒ ቤት ውስጥ ገቡበት። የደርግ ባለሥልጣናት በ1983 ተራቸውን ገቡ፤ ለዓመታት በቆየው ችሎት ላይም ሌላውን የነፈጉትን ጠበቃና ክርክር እነሱ አገኙት፤ ተገቢም ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ ታሰሩ። በ1993 የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ታሰሩ። የሳቸው ጉዳይ ለኛ ርእስ በጣም ይጠቅማል። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው፤ ሰውየው ግን ከፍርድ ቤት እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን ምክር ቤቱ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 239 በጥድፊያ አጸደቀ። ስዬ እስከ 1999 ታሰሩ። ዳኛዋም በኋላ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ ከዚያ ዘመን ተለወጠና በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እጃቸውን አውጥተው ያን አዋጅ ካጸደቁት ሰዎች ስንቱ ይሆን «ይህ አንድ ቀን ለኔ ይሆናል» ብሎ ያሰበ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እኔ ብሆን ተረቱን እንዲህ አዞረዋለሁ፤ ሲሾም የወህኒውን መስኮት ያላሰፋ፣ ሲሻር አየር ያጥረዋል።

ሕጉስ? ሕጉ በወረቀት ላይ እያማረበት ሄዷል፤ ይህን መካድ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን ከለከለ። በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ክብሩ እንዲጠበቅ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ሰጠ። የ48 ሰዓቱም ነገር በአንቀጽ 19 ተደገመ፤ ከ1948 እስከ 1987 ሁለት ሥርዓት አልፎ ቁጥሩ ያው ነው። በ1995 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 365፣ በ1999 ስለ ታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138፣ በ2012 ደግሞ አዲሱ የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174 ወጡ። ወህኒ ቤት «ማረሚያ ቤት» ተባለ፣ እስረኛው «ታራሚ» ተባለ። ስም መለወጥ ከንቱ አይደለም፤ ግን ስም ብቻውን በር አይከፍትም።

የ2012ቱ አዋጅ ከየት መጣ? ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2010 ታኅሣሥ መንግሥት እስረኞች እንደሚፈቱና ማእከላዊ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በመጋቢት ማለቂያ ተዘጋ። በዚሁ መካከል፣ በጥር፣ ለጥምቀት በወጣ ሕዝብ ላይ ወልድያ ከተማ ደም ፈሰሰ፤ ከቀናት በኋላ መርሳም አለቀሰች። ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰውን ጨለማ ቤት ማሰርና መግረፍ በሕገ መንግሥቱ እንዳልተፈቀደና መንግሥት ይህን ሲያደርግ እንደነበር በግልጽ ተናገሩ። በዚያ አዳራሽ ያን የመሰለ ቃል ከመንግሥት አፍ ሲወጣ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ደርቆ ቀረ። ያን ቀን አክስቴ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «እኛ በር ላይ የቆምነው እናውቅ ነበር፤ ወንበር ላይ ያሉት ዛሬ ሰሙ?» አለች።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዬ ላይ ደረስኩ። ሕጉ መልካም ከሆነ ለምን እንደገና እንደገና ይሰበራል? አንዱ መልስ እዚያው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ ይናገራል። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ብዙ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። የማይነኩት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ አንዱ አንቀጽ 18 ነው። ማለትም መንግሥት የ48 ሰዓቱን ሊያግድ ይችላል፣ የጠያቂውን መግባት ሊያግድ ይችላል፤ ማሰቃየትን ግን በምንም ሰዓት ሊፈቅድ አይችልም። ነገር ግን አስተውሉ! ዳኛ ካላየው፣ እናት ካላየችው፣ ጠበቃ ካልጠየቀው፣ አንቀጽ 18 መከበሩን ማን ያውቃል? አንቀጽ 18 ያለ 19 እና ያለ 21 ዓይን የሌለው ዘበኛ ነው።

ሕጉ ይህንን ክፍተት ረስቶታል አልልም። አንቀጽ 93 ተወካዮች ምክር ቤቱ መርማሪ ቦርድ እንዲያቋቁም ያዛል፤ ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ፣ ኢሰብአዊ ነገር እንዳይፈጸም እንዲከታተል ያዝዛል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ነሐሴ 8 ምክር ቤቱ አጸደቀው፤ በኋላም አራት ወር አስረዘመውና እስከ 2016 ግንቦት ማለቂያ ድረስ ዘለቀ። በዚያ ጊዜ የጅምላ እስር እንደነበር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አሳውቋል። የኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ በምክር ቤት ውስጥ ስለ አዋጁ ማስፈለግ ለሰዓታት ሲነገር፣ ስለዚያ የስም ዝርዝር ስንት ደቂቃ ተነገረ? የታሰረ ሰው ስም ማወቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። ስሙ የታወቀ እስረኛ ይፈለጋል፤ ስሙ ያልታወቀ ግን ይጠፋል።

ሌላም አለ። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ፣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም አልቀረላቸው። ሰው ስለ ሕንፃው መፍረስ ያወራል። የታሪክ ተማሪ ግን ስለ ወረቀቱ ይጨነቃል። የአንድ እስረኛ ነጻነት እኮ ያለው በአንዲት ፋይል ላይ ነው፤ መቼ ገባ፣ ስንት ተፈረደበት፣ መቼ አመክሮው ይደርሳል። ፋይሉ በጠፋበት ቦታ ሰውየው እንደ ግሼን ልጆች ይሆናል፤ የእስር ዘመኑን የሚቆጥርለት የለም። መዝገብ መጠበቅ፣ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ ይህ ራሱ ሰብአዊ አያያዝ ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

«ገዳይና ሌባ ይመቸው ነው የምትለው?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ፤ ዶርም አብረን ነን፣ ሁልጊዜ እንከራከራለን። «ነጻው ገበሬ በልቶ ባላደረበት አገር ለእስረኛ እንጀራ?» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እንዲሁ በመፈክር አይመለስም። መልሴ ይህ ነው። ነጻው ገበሬ ቢቸግረው ለቅጥር ሥራ ይሄዳል፣ ወንድሙ ቤት ይገባል፣ ይሰደዳል። እስረኛው ግን እጁን የያዘው መንግሥት ነው። እጁን የያዝከውን ሰው ማጉረስ ያንተ ግዴታ ነው፤ ይህ የፈረንጅ ሕግ ሳይሆን የጨዋ ደንብ ነው። ቅጣቱ ነጻነት ማጣት ነው ተብሎ ተፈርዷል፤ ረሃብ፣ ቅማል፣ ዱላ ተብሎ አልተፈረደም። ዳኛው ያልፈረደውን ዘበኛው ሲጨምር ሁለተኛ ፍርድ ቤት ተቋቋመ ማለት ነው። በዓለም ደረጃም የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሻሻለው ደንብ፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው፣ ሰውን ከ15 ቀን በላይ በተከታታይ ለብቻው ነጥሎ ማሰርን ይከለክላል። በማንዴላ ስም መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ 27 ዓመት ታስሮ ወጥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኛም ከግሼን ያወረድናቸው ነገሥታት ነበሩን። ልዩነቱ እሱ ከወጣ በኋላ በሩን ለሌላው አለመቆለፉ ላይ ነው።

ታዲያ ከኛ ምን ይጠበቃል? እኛ ምክር ቤት የለንም። ሆኖም ጆን ሐዋርድ ሲጀምር ምክር ቤት አልነበረውም፤ እግርና ዓይን ነበረው። የሕግ ተማሪ የሆንን በነጻ የሕግ ምክር ሥራችን ውስጥ የቀጠሮ እስረኞችን እንጨምር። የታሪክ ተማሪዎች በየቀያችን ያሉትን ሽማግሌዎች፣ ስለ እግር ብረትና ስለ ቁራኛ የሚያስታውሱትን፣ ሳይሞቱብን እንጠይቅ። የጤና ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ምን እንደሚጎድል ከኛ በላይ ታውቃላችሁ። ምርጫ ሲመጣ ደግሞ እጩው መንገድና መብራት ሲሰብክ አንድ ሰው እጁን ያውጣና «ስለ እስረኛስ?» ይበል። ያን ቀን አዳራሹ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።

አክስቴ ዛሬ አርጅታለች። ልጇ ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ሑመራ እየሄደ ይመለሳል፣ ስለዚያ ቤት ብዙ አያወራም። አገልግሉ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ክረምት ስሄድ አየሁትና «ይህን ለምን አትጥይውም?» አልኳት። «ለማን ያስፈልግ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ልጄ» አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔን ነው ያሰበችው። በዚህ አገር የተማረ ልጅ ያላት እናት ሁሉ አገልግሏን አትጥልም።

ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። አክስቴ፣ ሕጉ እስካሁን ብዙ ጊዜ እንደናንተ በር ላይ ተሰልፎ ነው የቆየው። አንዳንዴ ገብቷል፣ አንዳንዴ ተመልሷል። ግን ብቻውን አይገባም። እናንተ ስንቅ ይዛችሁ እንደቆማችሁ፣ እኛም ሕጉን ይዘን አጠገባችሁ መቆም አለብን። ያን ጊዜ ዘበኛው «ቅመሱት» ቢለን፣ ቀምሰነው እናሳየዋለን።